አረቄ የጠጣው ባሕር

ወንድሜ ባሕርን ይዞ ደብረ ማርቆስ የገባው በአይሱዙ ነው። መኪናው ከበራችን ፊት ሲቆም ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። ለዓመታት አዲስ አበባ የኖረ ልጇ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመጣ አልጋና ቁም ሳጥን ነበር የጠበቀችው። ከመኪናው የወረዱት ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ የጨው ከረጢቶች፣ ክዳናቸው በፕላስተር የታሸገ በርሜሎችና ወንድሜ ማንም እንዳይነካው የከለከለው ሰማያዊ ሣጥን ነበሩ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አለች።

«ባሕር ነው፣ እማዬ።»

«ባሕሩስ ይሁን፤ አልጋህ የታለ?»

«ቦታ አልበቃውም። ትቼው መጣሁ።»

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ሙያው የፍሪጅና የኤሌክትሪክ ጥገና። አዲስ አበባ ሳለ አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ለጥገና ይመላለስ ነበር። ሰውየው ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ዓሦችና ኮራሎች ያኖራል። ፓምፑን ለመጠገን የገባው ወንድሜ ቀስ በቀስ የገንዳው ተንከባካቢ ሆነ፤ ጨው መለካቱን፣ ውኃ መመርመሩን፣ ማብላቱን ሁሉ ተማረ። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ገንዳውን ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነለትም፤ ለወንድሜ ተወለት። ወንድሜም እኔ ሥራ ስውል እናታችን ብቸኝነት በዝቶባታል በሚል ገበያው አጠገብ የጥገና ሱቅ ሊከፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ ባሕሩን ይዞት መጣ።

አባታችን የሞተው እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ይጁቤ ገበያ በበቅሎ እህል እየወሰደ የሚነግድ፣ ሰው የሚወደው ጨዋታ አዋቂ ነበር። አረቄ ነው የወሰደብን። ከቀበርነው ወዲህ ቤታችን ውስጥ መጠጥ ገብቶ አያውቅም። ለበዓል ጠላ እንኳ አንጠምቅም ነበር። «አረቄ» የሚለው ቃል ራሱ በእናቴ ፊት አይነሳም። ይህን ጎረቤቱም ዘመዱም ያውቃል።

ገንዳው ሳሎናችን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ከሰማያዊው ሣጥን የወጡት ዓሦችና ኮራሎችም ገቡበት። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ሰፊ ላስቲክ ወጥሮ ዝናብ ያጠራቅማል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውኃ ብረት ስላለው ይገድላቸዋል ይላል። በዝናቡ ውኃ ጨዉን ይበጠብጣል፣ በመሣሪያ ይለካል፣ ሲስማማው ይጨምራል። አገራችን ብርድ ስለሆነ ውኃው ውስጥ ማሞቂያ ገብቷል። መብራት ሲጠፋ ውኃ የምታንቀሳቅሰውን ትንሿን ፓምፕ በመኪና ባትሪ ያስነሳታል፤ ማሞቂያውን ግን ባትሪው አይችለውም። ስለዚህ እናቴ ጋቢዋን ታመጣና ገንዳውን ታለብሰዋለች።

መጀመሪያ ግን እንዲህ አልወደደችውም። ድንጋይ አምጥቶ ሳሎን የሞላባት ነበር የመሰላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷና እኔ ተቀምጠን ወንድሜ በረጅም መቆንጠጫ ትንሽ ሥጋ ይዞ እጁን ውኃው ውስጥ አስገባ። ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ አረንጓዴ ጣቶች የመሰሉ ነገሮች ይወዛወዛሉ፤ ጫፋቸው እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ። ሥጋውን መሐላቸው አኖረው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጠፉ፣ ያዙት፣ ወደ ውስጥ ሳቡት።

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «በስመ አብ ወወልድ! ድንጋዩ ጎረሰ!»

«ድንጋይ አይደለም እማዬ፤ ኮራል ነው። ነፍስ አለው። ድንጋዩን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ቤቱ ነው።»

«ዓይን የለው፣ እግር የለው፤ መብሉ መምጣቱን በምን አወቀ?»

ያን ቀን ማታ ራቷን ገንዳው ፊት ለፊት ተቀምጣ በላች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እጁን ይዛ የምታሳየው እሷ ሆነች። ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉትን ሁለቱን ብርቱካንማ ዓሦች «ባልና ሚስቶቹ» አለቻቸው። በሁዳዴ ደግሞ ወንድሜ ሲያበላቸው እያየች «እነዚህስ መቼ ነው የሚጾሙት?» ትለዋለች። የንስሐ አባታችን ለጠበል ጸዲቅ የመጡ ጊዜ ገንዳው ፊት ብዙ ቆሙ። ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩ፣ አዩና፣ «እንስሳ ነው እንዳልል ሥር ሰዷል፤ ዛፍ ነው እንዳልል ይጎርሳል፤ ድንጋይ ነው እንዳልል ያድጋል። ልጄ፣ ይሄን ነገር ምን ብለን እንመድበው?» አሉ።

«እንስሳ ነው፣ አባ» አላቸው ወንድሜ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲህ ባለቤቱ ያውቃል» ብለው ባረኩትና ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ ደህና ከረመ። ችግር የመጣው ጨዉ ማነስ ሲጀምር ነው። የባሕር ጨው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ ደብረ ማርቆስ ቀርቶ አዲስ አበባም በሰው በሰው ካልሆነ አይገኝም። ወንድሜ የገንዳውን ውኃ እንደ ቀድሞው ቶሎ ቶሎ መቀየር አልቻለም። የዓሦቹ ኩስና የምግቡ ትርፍራፊ ውኃው ውስጥ እየተጠራቀመ ሄደ። መስታወቱ ቡናማ ሽፋን አወጣ፤ ድንጋዮቹ ላይ ጸጉር የመሰለ አልጌ በቀለ። የድኩላ ቀንድ የሚመስለው ኮራል ሮዝ ጫፉን አጣ፤ መልኩ የደረቀ ቆዳ ሆነ። ወንድሜ ከገንዳው ውኃ በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳና መመርመሪያ ያንጠባጥብበታል፤ ንጹሕ ሲሆን ጥርት እንዳለ ይቀራል፣ ናይትሬት የሚባለው ቆሻሻ ሲበዛ ይቀላል። በዚያ ሰሞን ብልቃጡ ሁልጊዜ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ነበር።

ከሥራ ሲወጣ ኢንተርኔት ቤት እየገባ ያነባል። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣ።

«አገኘሁት፣ እታለም። ካርቦን ማብላት ይሉታል።»

«ለኮራሉ?»

«ለባክቴሪያው። ውኃው ውስጥ ባክቴሪያ አለ፤ ቆሻሻውን መብላት ይችላል፣ ግን ብቻውን አይሆንለትም። ካርቦን ያለው ፈሳሽ ትንሽ ጠብ ሲደረግለት ይራባል፤ ሲራባ ናይትሬቱን ይበላል፤ ከዚያ አረፋ ማውጫው ባክቴሪያውን ከነቆሻሻው ጠርጎ ያወጣዋል።»

እኔ ይራባል ሲለኝ የሚርበው መስሎኝ ነበር። አማርኛ የማስተምር ሰው ሆኜ ቃሉ አሞኘኝ። እሱ ይበዛል፣ ይዋለዳል ማለቱ ነው። አረፋ ማውጫው ደግሞ ገንዳው ጀርባ የቆመ ቱቦ ነው፤ ውኃውን ከአየር ጋር እየደበደበ አረፋ ያወጣና በላዩ ባለ ኩባያ ውስጥ ሻይ የመሰለ የሚከረፋ ፈሳሽ ያጠራቅማል።

«አደጋ የለውም?» አልኩት።

«ከበዛ አለው። ባክቴሪያውም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። በአንዴ ከበዛ የውኃውን አየር ይጨርሰዋል። የኛ አገር ደግሞ ከፍታ ላይ ነው፤ መጀመሪያውኑ ውኃችን የሚይዘው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ ከጠብታ ጀምሬ በጣም ቀስ ብዬ ነው የምጨምረው።»

ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ቁርስ ሳይቀምስ ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ይከፍታል፣ ከጠርሙስ በስሪንጅ ይቀዳል፣ ውኃው ፈጠን ብሎ በሚሄድበት በኩል ያንጠባጥባል። ፈሳሹ እንደ ውኃ የጠራ ነው። እኔ ከገንዳው ጋር የመጣ መድኃኒት መስሎኝ ምንነቱን አልጠየቅሁም።

ብልቃጡ ግን መቅላቱን አልተወም። ወንድሜ ጨመረ፤ ጠበቀ፤ ቅላቱ አልቀነሰም። እንደገና ጨመረ። አልጌውም እየረዘመ ሄደ። «አልገባኝም፣ እንዲህ አይልም ጽሑፉ» ይላል ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ እያየ።

እናቴም በዚያ ሰሞን ተለወጠች። ወንድሜ ከሥራ ሲገባ ጉንጩን የምትስመው ጠጋ ብላ፣ ዘግየት ብላ ሆነ። አነጋገሩን ታዳምጣለች። ምግብ ስታቀርብለት እጁን ታያለች። ጧት ጧት ጠበል ይዛ ትመጣና «ትንሽ ቅመስ» ትለዋለች፤ እሱም ደስ እንዲላት ይቀምስላታል። አንዴ ለብቻዋ ስታለቅስ አገኘኋትና ምን እንደሆነች ብጠይቃት «ዓይኔን ነው» አለችኝ። ዕድሜ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ደብረ ኤልያስ ያሉ ዘመዶቻችን ተዝካር ስለነበረባቸው ለማገዝ ቀደም ብላ ሄደች።

እሷ በሄደች ሰሞን ነው በሥራ ቦታዬ ያ ወሬ የጠበቀኝ። በዕረፍት ሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ።

«ክፉ ለመናገር አይደለም» አለች። «ወንድምሽን ግን ምከሪው።»

«ምን አደረገ?»

«ትናንት እኛ ሰፈር ያለችውን አረቄ አውጪ ሲጨቀጭቃት ነበር። አረቄሽ ጉልበት የለውም፣ ውኃ ትቀላቅይበታለሽ ሲላት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ሴትዮዋም ደሟ ፈልቶ ስትራገም ዋለች። ከሁሉ ከሁሉ ደንበኛዋ ነው አሉ፤ ጠርሙስ እየያዘ ነው የሚመላለሰው።»

ወንድሜ? ቢራ እንኳን በአፉ የማይዞር ሰው? ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ሳቁ አልወጣም። የአባቴ ፊት መጣብኝ፤ ጧት ጧት ሲላጭ መስታወቱን መያዝ አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ። ከዚያ ደግሞ እናቴ የልጇን አፍ ስታሸት፣ ጠበል ስታቀምሰው፣ ለብቻዋ ስታለቅስ። እሷ አውቃ ኖሯል ማለት ነው፤ እኔ ነኝ የቀረሁት። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ባጃጅ ይዤ ቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ወንድሜ የፍሪጅ ሞተር ፈትቶ እጁ በቅባት ተለውሷል።

«አረቄ ትጠጣለህ?» አልኩት፤ ሰላምታም አልሰጠሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነው ያለሽ?»

«ትጠጣለህ ወይ?»

«አልጠጣም» አለ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሴትዮዋ ጋ የሆነውን ሰምተሽ ነው? ለውኃው ነው እኮ! የምሰጠው አረቄ ነው። ፈረንጆቹ ቮድካ ነው የሚጠቀሙት። እኔ ዳግም የወጣ ንጹሕ አረቄ ይሻላል ብዬ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እሱ ነው።»

«ለገንዳው? አረቄ?»

«አልኮል ካርቦን ነው፤ ባክቴሪያው ይወደዋል። ግን የሷ አረቄ ምንም አይሠራም። መጀመሪያ ከሰጠሁት ብዙ እጥፍ አድርሼዋለሁ፣ ናይትሬቱ ንቅንቅ አላለም። ውኃ ባትቀላቅልበት እንዴት እንዲህ ይሆናል? ብጠይቃት ተቆጣች። ‹ጉልበት ነው የፈለግህ? እንካ› ብላ ሌላ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ዛሬ ጧት ከሱ ነው የሰጠሁት።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ ባለች ዱካ ተቀመጥኩ። እፎይታም ነበር፣ ንዴትም። «ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«እማዬ ፊት አረቄ ብዬ እንዴት እጠራለሁ? አንቺስ ብትሆኚ ትነግሪያት ነበር?»

«ከኛ ይልቅ ከሰው ብትሰማው ይሻላል?»

«እሺ» አለ። «ስትመጣ እነግራታለሁ። ቁጭ ብዬ፣ ጠርሙሱን አሳይቼ እነግራታለሁ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ባትሪዋ ትንሿን ፓምፕ አስነሳች፤ አረፋ ማውጫው ግን ቆመ። መብራት መጥፋት የለመድነው ነገር ስለሆነ አልደነገጥንም። ጋቢውን አለበስነውና ተኛን።

በማግስቱ ጧት ወንድሜ እንደ ልማዱ ጋቢውን ገለጠ። ከዚያ ስሜን ጠራኝ፤ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም። ሮጥኩ።

ገንዳው ውስጥ ባሕር አልነበረም። ወተት ነበር። ከአፍ እስከ ገደፉ ነጭ፣ ድፍርስ፣ ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ጣት እንኳ የማያሳይ ወተት። ከላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ፤ ድምፁ ይሰማል፣ ጠብ ጠብ፣ እንደሚያፈስ ቧንቧ። ወንድሜ ቆሞ ያያል። እጁ ጋቢውን እንደያዘ ቀርቷል።

«መጠኑን አላሳለፍኩም» አለ። «ትናንትም የሰጠሁት ከትናንት በስቲያ የሰጠሁትን ያህል ነው። አላሳለፍኩም።»

«አሁን ምን እናድርግ?»

«አየር! አየር ነው ያጠራቸው!»

በጆግ ውኃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን ማፍሰስ ጀመርን፤ ሲወድቅ አየር ይዞ እንዲገባ። ወንድሜ ጎረቤት ሮጦ የብስክሌት ጎማ መንፊያ አመጣና ቱቦ ሰክቶለት እሱ ሲነፋ እኔ አፈስሳለሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ከዚያ የመጨረሻውን የጨው ከረጢት ቀደደ። ያጠራቀመውን የዝናብ ውኃ በበርሜል ውስጥ በክንዱ እያማሰለ በጠበጠውና የገንዳውን ወተት በባልዲ እየቀዳን ግቢ ደፋን፣ አዲሱን ጨመርን። ከባልና ሚስቶቹ ወንዱ በጎኑ ተንሳፈፈ። ወንድሜ በመዳፉ ያዘው፤ ውኃው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረገ የሚተነፍስበት ስንጥቡ እንዲከፈት ሞከረ። አልተከፈተም።

ውኃው ትንሽ ሲገለጥ ኮራሎቹን አየናቸው። እነዚያ አረንጓዴ ጣቶች እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። የድኩላ ቀንዱ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ በውኃው ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ የታየው ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነበር። ቤቱ ይሸታል፤ የሞተ ነገር ሽታ።

እናቴ የደረሰችው እዚያ ላይ ነው። ከደብረ ኤልያስ በጧቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ኖሮ ፌስታሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ወለሉ ውኃ በውኃ ነው፤ ሁለታችንም ከአናት እስከ እግራችን በስብሰናል።

«ምን ነካው?» አለች።

ወንድሜ ዞር አላለም። «ገደልኩት፣ እማዬ።»

እኔ ነኝ የነገርኳት፤ እሱ የሚችል አልመሰለኝም። ውኃውን ለማጥራት ሲል አረቄ ይሰጠው እንደነበር፣ ለባክቴሪያ ምግብ እንደሆነ፣ አረቄው አልሠራ ስላለው እየጨመረ እንደሄደና አሁን እንደበዛበት። ስናገር ፊቷን እያየሁ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ረጠብ ባለው ወለል ላይ ቁጭ አለች።

«ለማን ነው የሚሰጠው አልሽ?»

«ለውኃው።»

«ለውኃው» አለች። ከዚያ ለሁለታችንም ሳይሆን ለወለሉ እንደምትናገር፣ «ውኃ ነበር እኮ» አለች። «ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ውኃ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

ወንድሜ ዞረ።

እናቴ ስትጠርግ የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቶባት ጠርሙሱን አግኝታ አሽትታው ኖሯል። ለማንም አልተናገረችም። አብዛኛውን ደፍታ፣ ሽታው እንዲቀር ትንሽ አስቀርታ፣ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውኃ ሞላችበት። ሌላ ሲገዛ እንደገና። «እያቀጠንኩት ሄጄ፣ ሳታውቀው እንዲለቅህ ነበር» አለች። ደብረ ኤልያስ በሄደች ጊዜ ግን ጠርሙሱን የሚያቀጥን አልነበረም፤ ሴትዮዋ በንዴት የሰጠችው አዲሱ አረቄ እንዳለ፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ ወንድሜ ውኃ ለሆነ አረቄ ባወጣው መጠን ገባ።

ወንድሜ ስሪንጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ነገሩ ሁሉ አሁን እንደገባው ከፊቱ ይታያል፤ ግን ስለ ገንዳው አልነበረም የተናገረው።

«እስከ ዛሬ ጠጪ ነው እያልሽ ነው አብረሽኝ የኖርሽው?»

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳን ሰክሬ አይተሽኛል?»

«አባትህም መጀመሪያ አይሰክርም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ብጠይቅህ ምን ልትለኝ? ለዓሣ ነው ልትለኝ? አባትህ ለበቅሎዋ ቁስል ማጠቢያ ነው ይለኝ ነበር። ስንት ጊዜ አመንኩት። በቅሎዋ አንድም ቁስል አልነበራትም።»

ይህን ሰምተን አናውቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ በዚያን ያህል ዘመን እናቴ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ወንድሜ ወደ ግቢ ወጣ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ባዶው በርሜል አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። እናቴ ከወለሉ አልተነሳችም። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ መሐል ላይ ቀረሁ፤ ወደ እሱ ልሂድ ወይስ ወደ እሷ አላወቅሁም። ከገንዳው የዚያች ሴቴ ዓሣ ጠብ ጠብ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እናቴን ከወለሉ አነሳትና «ይበርድሻል፣ ልብስሽን ቀይሪ» አላት። እሷ ግን ልብሷን አልቀየረችም። እጅጌዋን ሰበሰበችና ጆጉን ከእጄ ወሰደች። መብራት ከሰዓት በኋላ እስኪመጣ ድረስ ሦስታችን እየተፈራረቅን ስናፈስ ዋልን። እየሠራን ወንድሜ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ጠይቂኝ። ብዋሽሽ እንኳ ጠይቂኝ» አላት። «እሺ» አለች። «አንተም ሳልጠይቅህ ንገረኝ።»

ነጩ ነገር በቀናት ውስጥ ጠራ። የቀረውን ማየት ግን ከነጩ ይከፋ ነበር። የድኩላ ቀንዱ ኮራል ሙሉ በሙሉ አጥንት ሆነ። የባለ አረንጓዴ ጣቶቹ ኮራል ሥጋም ቀስ በቀስ ቀልጦ አለቀ። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ክብ ያሉት ትንንሾቹ፣ አንድ ቆዳ የሚመስል ለስላሳ ኮራልና ሴቷ ዓሣ ተረፉ። ወንድሜ የሞቱትን አጥንቶች እያወጣ ግቢ ፀሐይ ላይ ደረደራቸው፤ የጎረቤት ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ እየመጣ ያያቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቴ «ተከተይኝ» ብላ አረቄ አውጪዋ ቤት ወሰደችኝ። እዚያ ደጃፍ እግሯ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሴትዮዋ ስታየን ለሁለተኛ ጠብ የመጣን መስሏት ወገቧን ይዛ ወጣች።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አለች እናቴ። «ውኃ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ንጹሕ ነሽ። ልጄ ስምሽን ያጠፋው በኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት።

ሴትዮዋ እጇ ከወገቧ ወረደ። «ለዓሣ?» አለች። «ጭስ ዓይኔን እያጠፋው ያወጣሁትን አረቄዬን ለዓሣ ነው የሚያጠጣው?»

«ለዓሣው እንኳን አይደለም፤ ለውኃው ነው።»

«እና ምን ሆነ ውኃው?»

«የአንቺው ንጹሑ ሲገባበት ነጭ ሆነ። ግማሾቹም ሞቱ።»

ሴትዮዋ በድንጋጤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ፣ «እንግዲህ ሰፈሩ ይስማ! ጉልበት የለውም ተብዬ ነበር» አለች። እናቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ስትስቅ ማየት ለኔ ድንጋዩ ከጎረሰበት ቀን ያላነሰ ነገር ነበር። ሴትዮዋም ሳቀች፣ ይቅርም አለች፤ ግቡ ቡና ላፍላ ብትለንም አልገባንም።

ወንድሜ ለወራት ባክቴሪያውን ምንም አላበላውም። ከዚያ አንድ ዘመድ ከውጭ ጨው ሲልክለት ልቡ ተመለሰ። አሁን ግን በአረቄ ፈንታ ሰላጣ ላይ የምናደርገውን አቼቶ አመጣ። እሱም ካርቦን ነው፣ ያንኑ ይሠራል አለ። እናቴ ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄንን ለምን መጀመሪያ አላመጣኸውም?» አለችው። «ሁለቱንም አንብቤ ነበር» አለ። «አረቄው የሚፈጥን መሰለኝ።»

ያኔ ነው ስሪንጁን እንዲያሳያት የጠየቀችው። መስመሩን በጣቷ እየነካች እስከየት እንደሚቀዳ፣ በየት በኩል እንደሚንጠባጠብ፣ ውኃው ትንሽ ከደፈረሰ ወይም አረፋ ማውጫው ከቆመ በዚያ ቀን ጭራሽ እንደማይሰጥ አስጠናት። ከዚያ ወዲህ ጧት ጠብታውን መስጠት የእናቴ ሥራ ሆነ። መብራት ከሌለ «ዛሬ ጾም ነው» ብላ ስሪንጁን ታስቀምጣለች። በጥቂት ወራት ብልቃጡ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝም ወደ ምንም ሄደ። መስታወቱ ጠራ።

ከሞቱት አጥንቶች አንዱን፣ የዚያን አረንጓዴ ጣት ኮራል ድንጋይ፣ ወንድሜ ለዓሣዋ መደበቂያ ይሁናት ብሎ ገንዳው ውስጥ ትቶት ነበር። አንድ ጧት እናቴ «ኑ እዚህ» አለችን። ከአጥንቱ እጥፋት ውስጥ የሆነ ነገር አይቻለሁ ትላለች። እኔ ምንም አልታየኝም። ወንድሜ አልጌ ነው አላት። «አልጌ አላውቅም ወይ?» ብላ ተቆጣች። ወንድሜ የእጅ ባትሪ አምጥቶ ተንበርክኮ አበራበት፤ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ።

ምስር የምታህል አረንጓዴ ሥጋ ነበረች፤ በላይዋ ሦስት ወይም አራት ጥቃቅን ጣቶች፣ ጫፋቸው ያበጠ።

«ይሄ ሞቶ ነበር» አለ። «እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት። አንድም ሥጋ አልቀረውም ነበር።»

«ቀርቶት ነበራ» አለች እናቴ።

ተነስቶ አቀፋት፤ እሷ ግን በእጇ ስሪንጅ ስለያዘች «ቆይ፣ ትደፋብኛለህ» እያለች ገፋችው። እኔ ሥራ ረፍዶብኝ ወጣሁ። ስመለስ ሁለቱም ገንዳው ፊት ነበሩ፤ ወንድሜ ሱቁን ሳይከፍት ውሏል።